ቆርኬው ሲንበረከክ

ቆርኬ ሲጣላ ይንበረከካል። ሁለት ወንዶች ፊት ለፊት ሲገናኙ የፊት ጉልበታቸውን መሬት ያስነኩና አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ቀንድ ለቀንድ ይቆላለፋሉ። በነጭ ሣር ሜዳ ላይ ተንበርክኮ የታየ ቆርኬ ለሌላው እንስሳ የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠብ መጥቷል፣ ዞር በሉ። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት ተረቱ የሚታጠፈው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

አገሩን ለማያውቅ ልንገር። አርባ ምንጭ ላይ፣ ከሴቻ ሰፈር አፋፍ ቆሞ ወደ ፀሐይ መውጫ ለሚመለከት ሰው ሁለት ሐይቆች ይታዩታል። በግራው አባያ ነው፤ ሰፊ፣ አፈር የጠገበ፣ ቀላ ያለ ውሃ። በቀኙ ጫሞ ነው፤ ከወንድሙ ያነሰ፣ ከወንድሙ የጠራ። በመካከላቸው ሁለቱን የሚለየው ከፍታ የእግዜር ድልድይ ይባላል። ድልድዩን የተሻገረ ነጭ ሣር ሜዳ ይገባል፤ ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ከአፋፉ ሥር ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ፤ ለከተማይቱ ስም ያወጡላት ምንጮች የሚፈልቁት ከዚያ ነው። ሜዳውም፣ ደኑም፣ የሐይቆቹም ዳርቻ በ1966 ዓ.ም. የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ፤ ስፋቱ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ተረቱ የሆነው ግን ከልሎ የሚጠብቃቸው በሌለበት፣ እንስሳት ራሳቸውን ያስተዳድሩ በነበረበት ዘመን ነው።

በዚያ ዘመን ሸንጎ ነበራቸው። የጋሞ ሰው ሸንጎውን ዱቡሻ እንደሚለው እነሱም ዱቡሻ ይሉት ነበር። ዱቡሻ ላይ እጅ አይቆጠርም። አንዱ ይነሳል፣ ይናገራል፣ ይቀመጣል፤ ሌላው ይነሳል። ነገሩ ካልበሰለ ነገ ይቀጥላል፣ ከነገ ወዲያም ይቀጥላል፤ ሁሉም ልቡ እስኪያርፍ ማንም ተፈጸመ አይልም። ስብሰባውን በምርቃት የሚከፍተው ሃላቃው ነው። የዚያን ዘመን ሃላቃ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ቆርኬ ነበር። ወጣቶቹ አባባ ቆርኬ ይሉታል። ወገኖቹ አንድ ጊዜ ሜዳውን የሞሉት ነበሩ፤ በእርጅናው ዘመን ግን ቆጥሮ ለመጨረስ የእግሩ ሰኮናዎች ይበቁት ነበር።

በዚያ አገር የሜዳ አህዮችም ነበሩ፤ ጥለት ለብሰው የሚወለዱ። ሜዳው ሲጠብባቸው ወጣቶቹ ወደ ሰሜን መሄድ ለመዱ። ከዶርዜና ከጨንቻ ደጋ ወርደው ሽሮ ሜዳ መወርወሪያ ይዘው እንደተቀመጡት ሸማኔዎች፣ እነሱም ሰው አገር ሄደው ያድራሉ፣ ይሠራሉ፣ ይቆጥባሉ፣ ለመስቀል ይመለሳሉ። ጋሞ ውስጥ መስቀል ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የራቀው ሁሉ ቤቱ የሚገባበት ነው። እናት ልጄ ሞተ ወይስ አለ የሚለውን የምታረጋግጠው በመስቀል ነው።

እንግዶችም ነበሩ። ከሰሜን መጥተው ምንጩ ዳር የከተሙ የድኩላ ቤተሰቦች። ከመጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ልጆቻቸው የተወለዱት እዚያው ነው፣ የሌላ አገር ውሃ ጣዕም አያውቁም። ድኩላ ዓይን አፋር ናት፤ ጥላ ትወዳለች፣ ገበያ መሀል አትታይም። አንድ ነገር ግን አላት፦ ስትደነግጥ እንደ ውሻ ትጮኻለች። ማለዳ እንስሳት ውሃ ሲወርዱ ድኩላ ከቁጥቋጦው ዳር ቆማ ታያለች፤ ውሃው ላይ እንጨት የመሰለ ነገር ከተንቀሳቀሰ ትጮኻለች፣ ሁሉም ይመለሳል። እንዲህ ሆኖ ዘመን አለፈ። ማንም አመሰግናለሁ አላላትም፤ ማለዳ ማለዳ የሚሰማ ድምፅ ሆኖ ቀርቶ ነበር።

መስከረም ጠባ። አደይ ሜዳውን ቢጫ አደረገው። የሜዳ አህዮቹ እናቶች ወደ ሰሜን የሚወስደውን መንገድ ማየት ጀመሩ። በመንገዱ የመጣ አልነበረም፤ በሰማይ መጣች እንጂ፣ ሻላ። ሻላ ከሐይቅ ሐይቅ የምትዞር ወፍ ናት፤ የሰሜኑን ሐይቆች አይታ ጫሞ ላይ ታርፋለች። ያን ቀን ስታርፍ ዓሣ አልፈለገችም። ውሃው ላይ ተቀምጣ ዝም አለች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሏት።

«የሜዳ አህዮች ሞተው አየሁ» አለች። «ብዙ ናቸው። ከትናንት በስቲያ ሌሊት ነው። የተረፉት ልጆቻቸውን ይዘው ይሸሻሉ።»

«ማን ገደላቸው?»

«ሌሊት ነበር። እኔ ሰማይ ላይ ነበርኩ። አገሩ የድኩላ አገር ነው፤ ገዳዩን ግን አላየሁም።»

ስለ ገዳዩ ሻላ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። ከዚህ ቃል ያለፈው ሁሉ ሌላው የጨመረው ነው፤ የጨመረውም እያንዳንዱ እንደ ሆዱ ነው።

ከሞቱት አንዱ የጥለቱ ታላቅ ወንድም ነበር። ጥለቱ ሦስት ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ ነው፤ ጋማው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ አንገቱ ገና የቀጠነ። መርዶውን ሲሰማ አላለቀሰም። ወንድሙ ከመሄዱ በፊት ይንከባለልባት ወደነበረችው የአቧራ ጉድጓድ ሄዶ ዳሯ ላይ ቆመ። ዝናቡ ጉድጓዷን አጥቧት፣ በመሀሏ ሣር በቅሎባት ነበር። ሣሩን በአፍንጫው አሸተተ፣ አልበላውም። ከዚያ በፊት ሰኮናው መሬቱን መምታት ጀመረ፤ ሣሩ እስኪነቀል፣ ጉድጓዷ እንደ ድሮዋ አቧራ እስክትሆን መታት። እናቱ ከሩቅ ታየዋለች፣ አልቀረበችውም። ልጁ በሰላም አልቅሶ ቢወጣለት የምትወድ እናት ናት፤ እንደማይወጣለትም አውቃለች።

ይህን ልጅ አስታውሱልኝ። ነገ ድልድዩ ላይ ከሌሎቹ ጋር በአንድ መንገድ ሲሄድ ታዩታላችሁ። መንገዱ አንድ ይሁን እንጂ የሚሄድበት ልብ አንድ አይደለም።

ኩልፎ ወንዝ ጫሞ ከሚገባበት አጠገብ አዞዎች ወጥተው ፀሐይ የሚሞቁበት ዳርቻ አለ። የአዞ ገበያ ይባላል። ስሙ ገበያ ይሁን እንጂ የሚሸጥም የሚገዛም የለበትም። በዚያች ሌሊት ግን ተሸጠ፣ ተገዛም።

መጀመሪያ ጅብ መጣ። የጅብ ነገር ቀላል ነው፤ ምን እንደሚፈልግ ለመደበቅ ብዙ አልደከመም። ሰሞኑን አደን ከፍቶበታል፣ ሸምግሏል፣ ሩጫ አይችልም። የተጣሉ እንስሳት ሲሞቱ ግን ሩጫ አያስፈልገውም። «ጎረምሶቹ ደማቸው ፈልቷል» አለ። «አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈልጉት። ድኩሎቹን ቢጨርሱ እኔ አጸዳለሁ፤ ድኩሎቹ ቢያሸንፏቸውም እኔ አጸዳለሁ።»

ቀጥሎ ጦጣ መጣች። የጦጣ ጉዳይ ሙዝ ነው። በደኑ ዳር የሙዝ እርሻ አለ፤ ሌሊት ልትገባ ስትል ድኩላ ትደነግጥና ትጮኻለች፣ የእርሻው ጠባቂ ይነቃል። ስንት ዘለላ ሙዝ አምልጧታል! ይህን ግን አልተናገረችም። «ድሮም ነግሬያችሁ ነበር» አለች፤ «ሻላ ያየችውን ሁሉ አልነገረችንም። ድኩሎች የሜዳ አህዮቹን ቆዳ ገፈው ሲለብሱ ያየ አለ።» ማን አየ ሲሏት «ሁሉም የሚያወራው ነው» አለች። በማግሥቱ በእርግጥም ሁሉም ሲያወራው ዋለ።

ዝንጀሮ ሦስተኛ መጣ። ዝንጀሮ አልራበውም፣ ድኩላም በድላው አታውቅም። እንዲያውም ዝንጀሮዎች ከዛፍ የሚጥሉትን ፍሬ ድኩሎች ከሥር ይለቅማሉ፤ ለረጅም ጊዜ በሰላም ጎረቤት ሆነው ኖረዋል። ዝንጀሮ የሚያመው ሌላ ነው። ድምፁ ትልቅ ነው፣ ዱቡሻ ላይ ግን የሚሰማው የለም፤ ሽማግሎች ሲናገሩ ዝም ይባላል፣ እሱ ሲናገር ጆሮ ይታከካል። አሁን ግን በመርዶው ቀን ድንጋይ ላይ ወጥቶ አንድ ጊዜ ሲጮህ ሦስት መቶ ጆሮ ወደ እሱ ዞሮ አይቷል። ያ ነገር ጣመው። በዚያች ሌሊት የአዞ ገበያ የሄደው ንግግሩን ነገ ከየት ቦታ ቢያደርገው እንደሚሻል ሊጠይቅ ነበር።

አዞው እነዚህን ሁሉ ሰምቶ እስኪጨርስ አልተነቃነቀም። አዞ ወራት ሳይበላ መቆየት ይችላል፤ የነገውን ምሳ አያስብም። «እኔ ሬሳ አልፈልግም» አለ በመጨረሻ። ጅብ ደነገጠ። «የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ዛሬ እንስሳቱ ውሃ ሲወርዱ አብረው ነው የሚወርዱት። የሜዳ አህያው ያሸታል፣ ዝንጀሮው ከዛፍ ያያል፣ ድኩላዋ ትጮኻለች። እኔ እዚህ አፌን ከፍቼ ዓመት ቆጠርኩ። ነገ ድልድዩ ላይ ደም ከፈሰሰ ግን ማንም ከማንም ጋር ውሃ አይወርድም። ለየብቻቸው ይመጣሉ። ለየብቻ የሚመጣን እኔ አውቅበታለሁ።» ዝንጀሮ ስሙ ሲነሳ ሰምቷል። ገብቶታልም። ተነስቶ ግን አልሄደም፤ ንግግሩን ድልድዩ ላይ ቢያደርገው ጥሩ እንደሚሆን ተነግሮት ነበርና።

የእንስሳት ተረት ሲነገረን እኛ አድማጮች ቸኩለን የምንጠይቀው ጅቡ ማን ነው፣ ጦጣዋ የትኛው ወገን ናት እያልን ነው። ስም እንፈልጋለን። ስም ካገኘን ተረቱን የጨረስነው ይመስለናል፤ በዚያ ስም ላይ ያለንን ጥላቻ ይዘን እንሄዳለን። እኔ ግን የማምነው ይህ ንባብ ተረቱን ራሱን ሌላ የአዞ ገበያ ያደርገዋል ብዬ ነው። የጅብ ፍላጎት ያለው ጅብ ዘንድ ብቻ አይደለም። በዚያች ሌሊት ከተገናኙት አራቱ ደግሞ እኔን የሚያስፈራኝ ጅብ አይደለም፤ ጅብን ሁሉም ያውቀዋል፣ ልጅን የሚያስፈራሩት በእሱ ስም ነው። የሚያስፈራኝ ዝንጀሮ ነው። ምንም ሳይጎድለው፣ ማንንም ሳይጠላ፣ እንዲሰማ ብቻ ብሎ እሳት የሚያቀጣጥል።

ሌላም ሰሚ ነበረች። ከዳርቻው በላይ ካለው ዛፍ ላይ ጉሬዛ ተኝታ ነበር፤ ነጭ ኩታዋን በጀርባዋ ጥላ፣ እንደ ደጋ ባልቴት ተጠቅልላ። ሁሉንም ሰማች። ልውረድና ልናገር አለች። ከዚያ ዛፏን አሰበች። ጦጣ ብትቀየማት ቅርንጫፏን ትወስድባታለች፤ ዝንጀሮ ብዙ ነው፣ እሷ ጥቂት ናት። ነገ አያለሁ ብላ ዓይኗን ጨፈነች፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም።

አባባ ቆርኬም በዚያች ሌሊት አልተኛም። ቅዱስ አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም፤ አልነበረምና። ወገኖቹ ሲያልቁ ያየ ሽማግሌ ነው፤ ቂም ቢይዝ ከሁሉ በላይ ምክንያት ያለው እሱ ነበር። ያልተኛበት ምክንያት ደግ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ስላስታወሰም ነው። በጎረምሳነቱ አንድ ጥጃ ቆርኬ ይሞታል፤ ከርከሮዎች ናቸው ተባለ። እሱ መሪ ሆኖ ከርከሮዎቹን ከጉድጓዳቸው አስወጥቶ አሳደዳቸው። ቀንዱ ጎበዝ ነበር። ኋላ ጥጃውን የገደለው እባብ እንደሆነ ታወቀ። ከርከሮዎቹ አልተመለሱም። ከአንዱ ጉድጓድ ውስጥ ግን ለሁለት ቀን የሕፃን ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ጎረምሶቹ ሁሉ ሰምተዋል፣ ማንም አልገባም። በሦስተኛው ቀን ድምፁ ቆመ። ሽማግሎቹ ያኔ ጎሜ ነው አሉት። ጎሜ በጋሞ አገር የማይደረግ ነገር ሲደረግ በምድርና በልጅ ላይ የሚመጣው መዘዝ ነው። ዝናብ የቀረበት፣ ጥጃ ያልተወለደበት ዓመት ተከተለ። ቆርኬው ዝናቡ በዚያ ምክንያት ይቅር አይቅር አያውቅም፤ የሕፃኑን ድምፅ ግን እስካሁን ይሰማዋል።

ጎህ ሲቀድ ተነሳ። ወደ ምንጩ ወርዶ ጤዛ ያዘለ፣ ውሃ የጠገበ እርጥብ ሣር ነጨ። አልዋጠውም፤ በጥርሱ ያዘው። ከወገኖቹ በእድሜ የገፉ አራት ቆርኬዎች፣ የጥለቱ እናት እና አንዲት ኤሊ እንደ እሱ አደረጉ። ኤሊዋ ከሌሊት ጀምራ ስትሄድ ስለነበር ቀድማ ደረሰች።

ፀሐይ ከሜዳው ማዶ ስትወጣ ጎረምሶቹ ድልድዩ ላይ ነበሩ። ድልድዩን ከተሻገሩ ቀጥሎ ደኑ ነው፤ ደኑ ውስጥ ድኩሎቹ አሉ። ዝንጀሮ ከትልቁ ድንጋይ ላይ ሆኖ ይናገራል። ንግግሩን አልደግመውም፤ «ክብራችን» የሚል ቃል ብዙ ጊዜ ነበረበት። ጦጣ ከኋላ እየተዘዋወረች ያልሰማውን ታሰማለች። ጅብ ከሁሉም ኋላ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሐዘንተኛ መስሎ ይከተላል። ከሁሉም ፊት ጥለቱ ነበር። አልጮኸም፤ ይሄዳል ብቻ።

መንገዱ በሚጠብበት፣ በግራ ጫሞ በቀኝ አባያ በሚታይበት ቦታ ላይ ሽማግሎቹ ቆመው አገኟቸው። አባባ ቆርኬ ጎረምሶቹ ሲቀርቡ የፊት ጉልበቱን አጠፈ። አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። አርጅቷልና መገጣጠሚያው ሲንቋቋ ፊት ያሉት ሰሙ። አንገቱን ዝቅ አደረገ።

ሰልፉ ቆመ። ከኋላ ያሉት «ተንበረከከ! ሊዋጋን ነው!» ብለው ጮኹ። ጎረምሶቹ ቀንድና ሰኮና አዘጋጁ። ጅብ ምራቁን ዋጠ። ያኔ ጥለቱ ቀረብ ብሎ አየ። ቀንዱ ወደፊት አልዞረም። ግንባሩ መሬት ነክቷል፤ ከአፉ እርጥብ ሣር ተንዠርግጓል፣ ጤዛው ገና አልረገፈም። ከጎኑ አራቱ ቆርኬዎች እንዲሁ ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ እናቱ ተንበርክካለች። የሜዳ አህያ መንበርከክ ልማዷ አይደለም፤ እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ።

ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ ተራምዶ ማለፍ አይቻልም። ሕግ ስለከለከለ አይደለም፤ ያለፈ ሰው ወዴት ነው የሚመለሰው? እነዚህ ናቸው ሲወለድ የመረቁት፣ ሲሞት የሚቀብሩት።

ጥለቱ አንድ እግሩን አነሳ። አየር ላይ ያዘው። ብዙ ቆየ። «አባባ፣ ይነሱ» አለ በመጨረሻ።

«እናንተ ሳትመለሱ አልነሳም፣ ልጄ።»

«የወንድሜ ደም ዝም ብሎ ይቅር?»

«አይቅር» አለ ቆርኬው። ሣሩ አፉ ውስጥ ስለነበር ድምፁ የታፈነ ነበር። «እኔ ደሙ ይቅር ልልህ አልተንበረከክሁም። ወንድምህን የገደለው ስም አለው። ስሙን እንፈልግ፣ ዱቡሻ እናቁመው። ዛሬ ደኑ ውስጥ የምታገኛት ድኩላ ግን እዚህ የተወለደች ናት፤ ወንድምህን አይታው አታውቅም። እሷን ብትገድል የወንድምህ ገዳይ በሰላም ይተኛል፤ ተበቅለው ጨርሰዋል ይላል።»

ጥለቱ እግሩን መሬት አስነካ። ወደፊት ሳይሆን በነበረበት ቦታ። ከዚያ ከመርዶው ቀን ጀምሮ ያልወጣው ድምፅ ወጣው። የሜዳ አህያ ለቅሶ ሰምታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ እንደ ሳል ይጀምራል። ሌሎቹም ተከተሉት። ድልድዩ ላይ የነበረው ሰልፍ ለቅሶ ሆነ።

በዚያው ዱቡሻ ተቀመጡ። ቆርኬው ማንንም ሌባ፣ ማንንም ቀስቃሽ አላለም። ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «ድኩሎቹ ዛሬ ቢያልቁ፣ ነገ ማለዳ ተነስተህ ምን ታደርጋለህ?»

ጥለቱ «አላውቅም» አለ። «ወንድሜ ግን ያው አይኖርም።»

ዝንጀሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስለ ድሉ ለሕዝቡ እናገራለሁ» አለ፣ ወዲያውም ያለውን ሰማው፤ ተቀመጠ።

ጦጣ «እኔማ ምን አደርጋለሁ፣ እንደ ወትሮው ማታ ማታ ወደ እርሻው…» ብላ አቋረጠችው። አንዲት አሮጊት ዝንጀሮ «ጠባቂው አይነቃማ» አለች።

ጅብ ተፈልጎ አልተገኘም።

ያኔ ጉሬዛ ከዛፏ ወረደች። መሬት ላይ መቀመጥ አትወድም፤ ያን ቀን ተቀመጠች። በሌሊት የሰማችውን አንድ በአንድ ተናገረች። ስትጨርስ ማንም አላመሰገናትም። አባባ ቆርኬ «ትናንት ብትነግሪን ኖሮ የጥለቱ እናት ጉልበት ባልደማ» አላት። እውነቱን ነው። ለእሷ ግን ይህንንም ልጨምር፤ ዘግይቶም ቢሆን የሚወርድ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቻችን ዛፍ ላይ ነው የቀረነው።

ዱቡሻው ሦስት ቀን ፈጀ። ሻላና ሁለት ሽማግሌ የሜዳ አህዮች ወደ ሰሜን እንዲሄዱ ተወሰነ፤ ሬሳ እንዲያስቀብሩ፣ የተረፉትን እንዲያመጡ፣ ገዳዩን በስሙ እንዲጠይቁ። ከደኑ አንዲት ድኩላ እኔም እሄዳለሁ አለች። «አገሩንም ቋንቋውንም አውቃለሁ፤ ዘመዶቼም እዚያ አሉ። ካደረጉትም ፊት ለፊት እጠይቃቸዋለሁ።» አብራ ሄደች።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ ቀርቷል። በመጀመሪያው ቀን ማታ፣ ሰልፉ ከተበተነ በኋላ፣ የድኩሎች እናት ከደኑ ዳር ብቅ አለች። ሁለት እርምጃ ትመጣለች፣ ትቆማለች፤ ትመለሳለች፣ እንደገና ትመጣለች። የጥለቱ እናት አየቻት። «ምን ፈልገሽ ነው?» አለቻት።

«ለቅሶ ልደርስ ነበር» አለች ድኩላዋ። «መርዶው ከመጣ ጀምሮ ልመጣ ነበር። ፈርቼ ነው።»

የሜዳ አህያዋ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ከጎኗ ያለውን ሣር በእግሯ ጠረገችላት። ድኩላዋ መጥታ ተቀመጠች። ሁለቱ እስኪነጋ አብረው ተቀመጡ፤ የተናገሩት ነገር የለም። ማለዳ እንስሳቱ ውሃ ሲወርዱ ድኩላዋ ተነስታ ወደ ቁጥቋጦዋ ሄደች። ውሃው ላይ እንጨት የመሰለ ነገር ነበር። ጮኸች። ሁሉም ተመለሱ፤ ጥለቱም አብሮ ተመለሰ።

አዞው ዛሬም እዚያው ዳርቻ ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። እሱ አይቸኩልም።

ከተረቱ ውጭ በእውነት የሆነው ደግሞ ይህ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው ብዙ ሰዎች ተገደሉ፣ በሺህ የሚቆጠሩም ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ ከእነሱ መካከል የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። መርዶው መስቀል ሳይደርስ አርባ ምንጭ ገባ። ወጣቱ ተቆጥቶ አደባባይ ወጣ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት መሬት ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹ አልፈዋቸው አልሄዱም፤ ተመለሱ።